የበረኛው እጅና የዳኛው ፊሽካ

 

ዛሬ የምናገረው ስለ በረኛ እጅ ነው። ሜዳ ውስጥ ከሚሰለፉት 22 ተጫዋቾች መካከል ኳስን በእጃቸው እንዲይዙ ሕግ የሚፈቅድላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከገዛ ፍፁም ቅጣት ምት ክልላቸው ከወጡ እጃቸው እንደማንኛችንም እጅ ነው። ይህን የማያውቅ በመካከላችን የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨዋታውን የሚያበላሽ ነገር ሲበዛ ሕግ ይወጣል። አንዱ ሕግ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር የጨዋታውን መልክ ይለውጣል፤ ሌላው ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ የሚያስታውሰው ያጣል። ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? የበረኛው እጅ ታሪክ መልሱን በደንብ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላስታውቅ።

በ1863 ለንደን ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ሕጎች ሲያጸድቅ በረኛ የሚባል ተጫዋች በሕጉ ውስጥ አልነበረም። ማንኛውም ተጫዋች በአየር የመጣ ኳስ በእጁ መቅለብ ይችል ነበር፤ በአግባቡ ከቀለበና በተረከዙ መሬቱን ምልክት ካደረገ ቅጣት ምት ይሰጠዋል። ኳሱን ይዞ መሮጥና በእጅ ማቀበል ግን ክልክል ነበር። የቅብብሉ ሕግ ከዚህም ይገርማል። ከኳሱ ፊት ያለ የቡድን ጓደኛ ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ስለሚባል ወደ ፊት ማቀበል ማለት በተግባር የማይቻል ነገር ነበር። ዛሬ ራግቢ ሲጫወቱ አይታችሁ ከሆነ፣ ኳሱ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ሲቀባበል፣ የእኛም ጨዋታ መነሻው እዚያው አካባቢ ነው። በ1866 ሕጉ ተሻሻለና በአጥቂውና በግቡ መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች እስካሉ ድረስ ኳስን ወደ ፊት ማቀበል ተፈቀደ። ዛሬ የምንወደው ቅብብል የተወለደው ከዚያ ነው።

በ1870 ኳስን በእጅ መንካት ለሁሉም ተከለከለ። በ1871 ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ተመልሶ ተፈቀደ፤ ሕጉም ምክንያቱን አብሮ አስቀመጠ፦ ግቡን ለመጠበቅ። ይህችን ምክንያት ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲህ በበረኛ ላይ የወጣው ሕግ ሁሉ እርሷን ለማስከበር የወጣ ነው። እጅ የተሰጠው ግብ እንዲያድን ነው፤ በረኞች ግን በየዘመኑ ለሌላ ጥቅም ሲያውሉት ሕግ አውጪው እየተከተለ ሲያጠብባቸው ኖሯል።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ሊ ሪችመንድ ሩዝ ነው። የዌልስ ብሔራዊ ቡድን፣ የስቶክና የሰንደርላንድ በረኛ ነበር። በእርሱ ዘመን በረኛ በገዛ ሜዳው አጋማሽ የትም ቦታ ኳስን በእጁ መንካት ይፈቀድለታል፤ የሚከለከለው ይዞ መራመድ ነው። አብዛኞቹ በረኞች ይህን ፈቃድ አይጠቀሙበትም ነበር። ሩዝ ግን ኳሱን መሬት ላይ እያነጠረ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ይመጣና ከዚያ ወደ ተጋጣሚ ግብ አካባቢ ይልከዋል። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሊያስቆመው የሚደፍር አጥቂ ጥቂት ነበር። በ1912 የበረኛ እጅ በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብዙዎች ለዚህ ሕግ ምክንያቱ ሩዝ ነው ይላሉ። እርሱ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሶም ላይ ሞተ። ዛሬ ሜዳ ላይ የምናየው ያ ትልቅ አራት ማዕዘን ለበረኛ እጅ ድንበር የሆነው እንዲህ ነው።

ይህ ሕግ ያለ ችግር ሠራ። ለምን? መስመሩ ነጭ ነው፤ ዳኛውም፣ አጥቂውም፣ በረኛውም፣ ከላይ የተቀመጠው ደጋፊም እኩል ያየዋል።

አሁን ወደ 1990 ልውሰዳችሁ፤ የጣሊያኑ ዓለም ዋንጫ። በ52 ጨዋታ የተቆጠረው ግብ 115 ነው፤ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 2.21። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከዚህ ያነሰ አማካይ የለም። በዕድሜ ጠና ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ቡድን አንድ ግብ ካገባ፣ ወይም አቻ መውጣት ከበቃው፣ የሚያደርገው የታወቀ ነበር። አጥቂ ሲመጣበት ተከላካዩ ዞር ብሎ ኳሱን ለበረኛው ይመልሳል። በረኛው ጎንበስ ብሎ ያነሣል። አጥቂው ሩጫውን ያቆማል፤ በእጅ የተያዘ ኳስ መቀማት ክልክል ነውና። በረኛው ዙሪያውን ያያል፣ ያነጥራል፣ ለዚያው ተከላካይ ያንከባልልለታል። አጥቂው እንደገና ይሮጣል፤ ተከላካዩ እንደገና ይመልሳል፤ በረኛው እንደገና ያነሣል። ኳሱ ሕይወት እያለው ጨዋታው ሞቷል። በዚያ ውድድር ፓሌርሞ ላይ አየርላንድና ግብፅ ያለ ግብ የተለያዩበት ጨዋታ እስከ ዛሬ በመጥፎ ምሳሌነት ይነሣል። በ1992 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜም ዴንማርኮች ጀርመንን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ መምራት ከጀመሩ በኋላ ኳስ ወደ በረኛቸው ፒተር ሽማይክል እጅ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ቪድዮውን ያየ ይመሰክራል። ዴንማርኮች ያጠፉት ጥፋት የለም፤ ሕጉ የፈቀደውን ነው ያደረጉት። ጥፋቱ የሕጉ ነበር።

በዚያው ክረምት ሕጉ ተለወጠ። የባርሴሎናው ኦሊምፒክ በአዲሱ ሕግ ተካሄደ፤ ነሐሴ ላይ የተጀመረው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ከመጀመሪያው ቀን በዚሁ ሕግ ገባ። ሕጉ በአጭሩ፣ የቡድን ጓደኛው አስቦ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በረኛ በእጁ መንካት አይችልም የሚል ነው። በ1997 ከጓደኛ የእጅ ውርወራ የመጣ ኳስም ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ዳኞቻችን ትንሽ ይታገሡኝ፤ ሌሎቻችን የምናምታታው ነገር አለ። የተከለከለው በእግር የተላከ ኳስ ነው። በግንባር፣ በደረት፣ በጉልበት የተመለሰ ኳስ በእጅ ይያዛል። ተከላካዩ ሊያርቅ ሲል ስቶ ወደ ኋላ የሄደበት ወይም ነክቶት አቅጣጫ የቀየረ ኳስም ይያዛል፤ አስቦ አላቀበለምና። ብልጦች ደግሞ ወዲያው መንገድ ፈለጉ። ተከላካዩ ኳሱን በእግሩ ወደ ላይ ያነሣና በግንባሩ ለበረኛው ይሰጣል። ሕግ አውጪው ይህንንም ዘጋው። እንዲህ ያለ ማታለያ የሠራ ተጫዋች፣ በረኛው ኳሱን ነካውም አልነካውም፣ ቢጫ ካርድ ያያል። ቅጣቱ ደግሞ ፍፁም ቅጣት ምት አይደለም። ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ግብ እንዲሆን ኳሱ ሌላ ተጫዋች መንካት አለበት። ጥፋቱ በትንሹ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ኳሱ ከግቡ 5.5 ሜትር በሚርቀው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ተከላካዮቹም 9.15 ሜትር ለመራቅ ቦታ ስለሌላቸው ሁሉም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ግብ መስመሩ ላይ ይደረደራሉ። በእግር ኳስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ትዕይንት አላውቅም።

አንዳንዴ ግን ለመደርደርም ጊዜ አይገኝም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2010፣ ፖርቶ ከአርሰናል፣ ቻምፒየንስ ሊግ፣ በፖርቶ ሜዳ። ውጤቱ 1 ለ 1 ነው። የአርሰናሉ ተከላካይ ሶል ካምቤል ኳሱን ወደ ግቡ ሲገፋው በረኛው ሉካሽ ፋቢያንስኪ በእጁ አነሣው። ስዊድናዊው ዳኛ ማርቲን ሃንሰን ፊሽካቸውን ነፉ። ፋቢያንስኪ ኳሱን አስረከበ፤ ኳሱ ለፖርቶው ሩበን ሚካኤል ደረሰ። ሚካኤል ሰከንድ አላባከነም፤ ለፋልካኦ ነካ አደረገለት፣ ፋልካኦም ባዶ ግብ ውስጥ አስገባው። የአርሰናል ተጫዋቾች ገና በጥፋቱ ላይ ሊከራከሩ እጃቸውን እያነሡ ነበር። አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር ከጨዋታው በኋላ አምርረው ተቃወሙ፤ የካምቤልን ንክኪ አስቦ ያቀበለው ነው ለማለት ያስቸግራል የሚል ክርክርም ተነሣ። እኔ ግን ከዳኛው ጋር ነኝ። አጠራጣሪ ከሆነ በረኛ በእግሩ ይምታው፤ ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር፣ እኚሁ ዳኛ ከሦስት ወር በፊት ኖቬምበር 18 ቀን 2009 ፓሪስ ላይ ፈረንሳይና አየርላንድ ሲጫወቱ ፈረንሳዊው ቲየሪ ኦንሪ ኳሱን በእጁ አብርዶ ለቡድን ጓደኛው ለጋላስ ያቀበለውን አላዩም ነበር። ያ ግብ አየርላንድን ከዓለም ዋንጫ አስቀረ። ሰውየው ያው ሰው፣ ዓይኑም ያው ዓይን ነው። የጓደኛ እግርና የበረኛ እጅ በአደባባይ፣ በተራ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ ይታያሉ። በሰው ክምር ውስጥ የተደበቀች የእጅ ንክኪ ግን በአንድ ዓይን የምትያዝ አይደለችም። ያኔ ደግሞ ዳኛን የሚረዳ ቪድዮ አልነበረም።

የ1992ቱ ሕግ ጨዋታውን እንዴት እንደቀየረው ለመናገር ሙሉ ምሽት አይበቃም። መጀመሪያ በረኞች ተሸበሩ፤ ወደ ኋላ የመጣውን ኳስ ወደ ደጋፊው መቀመጫ መጠለዝ ነበር ሥራቸው። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ዓይነት በረኛ መጣ። በ1995 ቻምፒየንስ ሊግን ባሸነፈው አያክስ ውስጥ ኤድዊን ቫን ደር ሳር እንደ ተከላካይ ይቀባበል ነበር። በ2014 ብራዚል ላይ ጀርመን ከአልጄሪያ ስትጫወት ማኑኤል ኖየር ከሳጥኑ እየወጣ በእግሩና በግንባሩ ኳስ ሲያጸዳ አይተናል። በ2016 ፔፕ ጓርዲዮላ ማንቸስተር ሲቲ እንደደረሰ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረውን ጆ ሃርትን አሰናበተና ክላውዲዮ ብራቮን አመጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ኤደርሰንን። ምክንያቱ እግር ነበር። እጅን ለማጥበብ የወጣ ሕግ በመጨረሻ የበረኛን እግር ወለደ።

ለአሰልጣኞቻችን ያለኝ አደራ እዚህ ላይ ነው። በየሰፈሩ ሜዳ በረኛ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ወይ የረዘመው ወይ ኳስ አይችልም የተባለው ልጅ ነው። ልምምድ ላይ ለብቻው አንድ ጥግ ይወሰድና ኳስ ይለጋበታል፤ ቅብብሉ ውስጥ የሚያስገባው የለም። ከዚያ በ18 ዓመቱ ተጋጣሚ እየሮጠ ሲመጣበት ኳስ ከኋላ መስርተህ ውጣ ይባላል። ሲደነግጥና ሲሳሳት ደግሞ ከደጋፊው የሚወርድበትን ስድብ እናውቃለን። ልጁ አይደለም የሚወቀሰው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ኳስ ንጥቂያ ስታጫውቱ በረኛችሁንም ክቡ ውስጥ አስገቡት፤ ጓንቱን ያውልቅ፣ በደካማ እግሩ ይቀበል። ተከላካዮቻችሁንም አስተምሩ፤ ለበረኛ የሚመለስ ኳስ ከግቡ ቋሚዎች ውጪ ይሂድ እንጂ ወደ ግቡ መሐል አይላክ። ቢያመልጠው እንኳ የማዕዘን ምት ይሆናል እንጂ ግብ አይሆንም።

እንግዲህ ያልሠራውን ሕግ እንመልከት። በረኛ ኳስ ይዞ ብዙ እንዳይቆይ ለረጅም ጊዜ እርምጃ ይቆጠርበት ነበር፤ ከአራት እርምጃ በላይ አይሄድም። በ2000 ይህ ተሰረዘና በስድስት ሰከንድ ተተካ። ከስድስት ሰከንድ በላይ ከያዘ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት። ወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ ግን በረኞች አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰከንድ ይዘው ይቆሙ ነበር፤ አንዳንዱም ሰዓት እንዲሄድለት ኳሱን አቅፎ ይተኛል። የሚቀጣ ዳኛ ግን በጭንቅ ነበር የሚገኘው። ሲቀጡም ጉድ ይባላል።

ኦገስት 6 ቀን 2012፣ ማንቸስተር፣ ኦልድ ትራፎርድ፤ የለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ። ካናዳ አሜሪካን 3 ለ 2 እየመራች ነው፤ ሦስቱንም ያገባችው ክሪስቲን ሲንክሌር ናት። አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቷል። የካናዳዋ በረኛ ኤሪን ማክሊዮድ ኳስ በያዘች ቁጥር አሜሪካዊቷ አጥቂ አቢ ዋምባክ ለዳኛዋ እንዲሰማ ጮክ ብላ ሰከንዶቹን ትቆጥር ጀመር። ኖርዌያዊቷ ዳኛ ክርስቲና ፔደርሰን ነፋች። ሜዳው ውስጥ ያለው ሁሉ ግራ ተጋባ፤ እንዲህ ያለ ቅጣት አይተው አያውቁማ። ሜጋን ራፒኖ የመታችው ኳስ የካናዳ ተከላካይ እጅ ነካና ፍፁም ቅጣት ምት ሆነ፤ ዋምባክ አገባችው፣ 3 ለ 3። በተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ ቅጽበት አሌክስ ሞርጋን በግንባሯ አራተኛውን ጨመረች። ካናዳውያን ያን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሱትም። እኔ ይህን ጨዋታ ባስታወስኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሕጉ ልክ ነበር፣ ዳኛዋም ሕጉን ነው የፈጸመችው፣ ግን በሌሎች መቶ ጨዋታዎች ያልተፈጸመ ሕግ በአንዱ ጨዋታ ሲፈጸም ፍርድ ሳይሆን በደል ይመስላል። በ2015 የሊቨርፑሉ ሲሞን ሚኞሌ ከቦርዶ ጋር ሲጫወት ኳሱን ከሃያ ሰከንድ በላይ ይዞ በመቆየቱ በዚሁ ተቀጥቶ ግብ ተቆጥሮበታል፤ ያም ቢሆን ብርቅ ተብሎ ነው የተወራው።

ዳኞች ለምን አልነፉም? ፈሪ ስለሆኑ ነው የሚለውን አልቀበልም። አንደኛ፣ ቆጠራው ያለው በዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅለትም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱና ቅጣቱ አይመጣጠኑም። ሁለት ሰከንድ ስለዘገየ ከግቡ ፊት ስድስት ሜትር ላይ ምት መስጠት ጨዋታውን መወሰን ነው። ኅሊና ያለው ዳኛ ይህን ሲያመዛዝን እጁ ወደ ፊሽካው አይሄድለትም። ቅጣት በከበደ ቁጥር ሕግ ይከበራል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ የበረኛው ስድስት ሰከንድ ግን ተቃራኒውን ነው ያሳየን።

ደስ የሚለው፣ ሕግ አውጪዎቹ ይህን ተረዱ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ ቦርድ፣ በ1886 የተቋቋመው፣ ስምንት ድምፅ ነው ያለው፤ አራቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ማኅበራት፣ አራቱ የፊፋ። ሕግ ለመለወጥ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል። ቦርዱ በ2025 ጊዜውን ከስድስት ወደ ስምንት ሰከንድ አስረዘመው፤ ቅጣቱን ደግሞ ወደ ማዕዘን ምት አቀለለው። በተጨማሪም ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በጣቶቹ እንዲቆጥር አዘዘ። ተመልከቱ፤ ቆጠራው ከጭንቅላት ወጥቶ አደባባይ ላይ ዋለ፣ ቅጣቱም ዳኛ ሳይጨነቅ ሊሰጠው የሚችለው ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ የማሜሎዲ ሰንዳውንሱ ሮንዌን ዊሊያምስ ኳስ ይዞ ሲቆይ የማዕዘን ምት ተሰጠበት፤ ጨዋታው ያለ ግርግር ቀጠለ። እኔ የምመኘው ይህን ዓይነት ፍርድ ነው።

ዛሬም መላ ያልተገኘለት አንድ ሕግ ይቀረናል፤ የሌሎቹ ተጫዋቾች እጅ። ክንድ ከየት ይጀምራል ለሚለው መልስ ተሰጥቷል፤ ከብብት ግርጌ ነው። በ2019 ሕጉ በዝርዝር ተጻፈ፣ በ2021 እንደገና ተስተካከለ። ያም ሆኖ ዋናው ጥያቄ እንዳለ ነው። ተከላካዩ እጁን የዘረጋው ሰውነቱን ለማግዘፍ ነው ወይስ ሲዘል እጁ በተፈጥሮው የሚሄድበት ቦታ ነው? ይህ በነጭ መስመርም በጣት ቆጠራም አይታይም፤ ዳኛው መገመት አለበት። ሳጥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ከሁሉ የከበደው፣ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። የስድስቱን ሰከንድ ሕግ የገደሉት ሁለቱም ችግሮች እዚህ አሉ። ቪድዮ ሲመጣ ይፈታል ተብሎ ነበር፤ ቪድዮ ግን ኳሱ ክንድ መንካቱን ያሳያል እንጂ የክንዱን ተፈጥሮ አያሳይም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወደ ግብ የሚሄድ ኳስን ወይም ግልጽ የግብ ዕድልን በእጅ ያቋረጠ በፍፁም ቅጣት ምት ይቀጣ፤ በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ልዊስ ስዋሬዝ የጋናን ኳስ ከግብ መስመር ላይ በሁለት እጁ ሲመልስ እንዳየነው። ወደ ግብ በማይሄድ ኳስ ላይ የተፈጠረ የክንድ ንክኪ ግን ሳጥን ውስጥም ቢሆን ቀጥተኛ ባልሆነ ቅጣት ምት ቢታለፍ ዳኛው ኅሊናው ሳይቆረቁረው ይነፋል፣ ተከላካዩም እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ እንደ እስረኛ መከላከሉን ያቆማል። ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁት ዳኞች በዚህ እንደማትስማሙ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑ መጀመሪያ ለእናንተ ይድረስ።